ወደ ግድግዳው የዞረው ጥሩምባ ነፊ

ኮልፌ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለየኔነሽ ቀጄላ፤ ጎንደር።

ሰላምታዬ ከጎንደር ብርድ በልጦ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ዋጋነሽ ዛሬ ጠዋት ሁለቴ ስለተቆጣችኝ በሙሉ ጤንነት ላይ መሆኗን አረጋግጫለሁ። የእኔም ሥራ ደህና ነው። ኮልፌ ውስጥ የማይበላሽ ፕሪሙስ ገና አልተገኘም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የአባትሽ ቃል ከደብዳቤዬ ግርጌ ለምን እንደቀረ መጠየቅሽ ተገቢ ነው። ይህን ያህል ዘመን እኔ ስጽፍ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ መጨረሻ ላይ «ብርድ እንዳይመታሽ በልልኝ» እያለ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲያትም ኖሯል። አሁን ግን አውራ ጣቱን ትንሽ ጉንፋን ይዞታል። አትሳቂ። እኔ እንዳንቺ የሕክምና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ምስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው መሃሉ የተቀደደ ስለነበር ስለ አውራ ጣት የሚናገረው ክፍል አልደረሰኝም።

ሌላው ዜና የእድራችን ነው። እድራችን ትልቅ ሰው ሆኗል። አዲስ ድንኳንና የብረት ወንበር ገዝቷል። ባለ ወፍጮው አቶ ሀብተማርያም ደግሞ በቮልስዋገኑ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስገጥሞ ለእድሩ አበረከተ። ከእንግዲህ ሰው ሲሞት የሚለፈፈው በመኪና ነው። አባትሽ በየንጋቱ ጭቃ እየረገጠ ጥሩምባ ከመንፋት ተገላገለ። በስብሰባው ላይ «አቶ ቀጄላ ብዙ ለፍተዋል፤ ከእንግዲህ ይረፉ» ተባለለት፤ ተጨበጨበለትም። አባትሽ የእድር ትእዛዝ የሚያከብር ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። ይኸው እያረፈ ነው።

አንቺ የሰኔ ፈተናሽን ብቻ አስቢ።

ፕሪሙስ ጠጋኙ አጎትሽ፣
ገረሱ

ማስታወሻ፦ አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ማለቴ፣ «ሰላም ብሏል ብዬ ልጻፍላት?» ስለው እምቢ አላለም።


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ገረሱ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ለእትዬ ዋጋነሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ።

ጋሼ፣ ከጥቅምት ወዲህ የላኩልኝን ደብዳቤዎች አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አንድ ላይ አነበብኳቸው። በአንደኛው አባባ አስኮ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል። በሌላው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ላይ ናቸው። በመጨረሻው አውራ ጣታቸውን ጉንፋን ይዟቸዋል። ይህንን ለክፍል ጓደኞቼ አነበብኩላቸውና በጣም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ባኞ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እርስዎ የደበቁኝን እኔ ቁጭ ብዬ አስቤ ደርሼበታለሁ። ጥሩምባ ነፊ የእድር መዋጮ አይጠየቅም፤ መዋጮው ትንፋሹ ነው። ጥሩምባው ከቀረ ግን አባባ እንደማንኛውም አባል ሊከፍሉ ነው። ድንኳን የገዛ እድር ደግሞ መዋጮ ይጨምራል። ጆንያ በመስፋት ያንን ከየት ያመጣሉ? ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚከፍልላቸው? አባባ ይህንን እንዴት እንደሚሸከሙት አላውቅም።

እባክዎ እውነቱን ብቻ ይመልሱልኝ። ይበላሉ? ፊታቸውን ይታጠባሉ? ሲተኙ ፊታቸው ወደ በሩ ነው ወይስ ወደ ግድግዳው? የምታስተምረን ሲስተር ባለፈው ሳምንት እንዲህ አለችን፦ «ዕድሜው የገፋ ሰው በኀዘን ሲታመም አይጮኽም። ዝም ይላል። ቤተሰቡም እያረፈ ነው ይላል።» የእርስዎ ቃል ነው፤ ልክ እንደዚያው ነው የጻፉልኝ።

ካልመለሱልኝ ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ። እዚህ በመሃል የወጣ ተማሪ ተመልሶ አይገባም። ቢሆንም እመጣለሁ።

የኔነሽ


ኮልፌ፣ ጥር 15 ቀን 1964 ዓ.ም.

የኔነሽ፣

ወደ ግድግዳው ነው።

ይኸው ተናገርኩ። ሰላምታውን አስቀድሜ ብጽፍ ኖሮ እንደ ልማዴ ሰላምታው ውስጥ እደበቅ ነበር። እንግዲህ አሁን፦ እንደምን ሰነበትሽ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደጋግሜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ በጻፍኩት ቁጥር ውሸቱ እየተሻሻለ ሄዶ ራሴንም ሊያሳምነኝ ደረሰ።

ያሰብሽው ሁሉ ልክ ነው። ጥቅምት ላይ የእድሩ ጸሐፊ መዋጮ ያልከፈሉትን ሲጠራ የአባትሽ ስም መጣ። አባትሽ ከብረቱ ወንበር ተነሥቶ ምን እንደሚል ሲያስብ፣ አቶ ሀብተማርያም ብድግ ብሎ «የአቶ ቀጄላን እስከ ዕለተ ሞታቸው እኔ እከፍላለሁ» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ያ እድር ማጨብጨብ ይወዳል። አባትሽ አመሰገነ፤ ወደ ቤቱ መጣ፤ ጫማውን አወለቀ። ጫማው እስከ ዛሬ ያወለቀበት ቦታ ነው።

ሁለቱ ከአንድ መንደር አብረው መጥተው፣ ኮልፌ ገበያ አንድ ጆንያ ለሁለት ይዘው የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ዛሬ አንደኛው የጆንያው ባለቤት ነው፤ ሌላኛው የጆንያውን ቀዳዳ ይሰፋል። ይህ አባትሽን ብዙም አስከፍቶት አያውቅም ነበር። ንጋት ላይ ባለ ወፍጮውም ኩሊውም ከአልጋቸው የሚነሡት በእሱ ትንፋሽ ነበርና።

ሀብተማርያምን እንዳትጠዪው። ብርቱካን በከረጢት ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አልጋው አጠገብ ተቀመጠና ስለ ወፍጮው ሞተር አወራ። አባትሽ ለግድግዳው «እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ሀብተማርያም» አለ። ድሮ «ሀብቴ» ነበር የሚለው። ሰውዬው ሲወጣ በር ላይ ያዘኝና፦

«ገረሱ፣ ምን በደልኩት?» አለኝ።

«ምንም። ችግሩም እሱ ነው። በድለኸው ቢሆን ይጣላህና ይድን ነበር።»

ብርቱካኑን እኔና ዋጋነሽ በላነው። ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ያልሞከርነው የለም። ዋጋነሽ ገንፎ አገነፋች፤ ጠበል አመጣች። ጎረቤታችን ጉዲቱ የጸሎት ቤቷን ሰዎች ሰብስባ መጣች። «እኛ እኮ የመድኃኔ ዓለም ሰዎች ነን» ብላት «ታዲያ እኛ የማን ነን?» ብላኝ ጸሎቷን ቀጠለች። እኔ ደግሞ በቀልድ ሞከርኩ። ድሮ ሆዱን ይዞ የሚስቅባቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አወራሁለት። አንድ ቀን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳቀልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው እያለቀሰ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ቀልድ ትቻለሁ፤ የተረፈኝን ላንቺ እጽፋለሁ።

አትምጪ። ከዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ስንጠይቀው የሚመልሰው አንድ ነገር ቢኖር «ልጄ ነርስ ልትሆን ነው» የሚለውን ነው። በእሱ ምክንያት ትምህርትሽን ካቋረጥሽ ግድግዳውን ሰብሮ ወደ ማዶ ይዞራል። ጊዜ ስጪኝ። አንድ ነገር አስቤያለሁ። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብቻ አንድ ሰው ከንፈሩ ቢያብጥና ቢላጥ ምን ይቀባል?

ገረሱ


ጎንደር፣ የካቲት 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለጋሼ ገረሱ፤

እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። መጥፎ ዜና ሰምቼ እንደዚያ ቀለል ያለኝ ጊዜ የለም።

ለከንፈር ቫዝሊን ይቀባል፤ ጠዋትና ማታ። የማን ከንፈር እንደሆነ አልጻፉልኝም። እትዬ ዋጋነሽ መትተውዎት ከሆነ ምክንያት ይኖራቸዋል።

ስለ አባባ ሲስተርን ለብቻዋ አግኝቼ አማከርኳት። «መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሐኪም ይየው። ግን ሁላችሁም እያዘናችሁለት ከሆነ ማዘኑን ቀንሱ» አለችኝ። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠቅማቸውም ጋሼ። የሆነ ነገር ከእሳቸው ፈልጎ የሚመጣ ሰው ነው የሚጠቅማቸው። የሚሰፋ ጆንያ እንኳ ቢሆን ወስደው አጠገባቸው ያስቀምጡላቸው። ካልሰፉት ምንም አይበሏቸው። ዝም ብለው ነገ ደግሞ ሌላ ያስቀምጡ።

እኔ ማታ ስተኛ ወደየትኛው ጎን እንደዞርኩ ራሴን ስጠብቅ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ሆኜ ፈተናውስ ምን ይረባኛል?

ትንሣኤ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ከደብዳቤዎ ግርጌ የአባባን ቃል ካላየሁ ሻንጣዬን አነሣለሁ። እርስዎ ደግሞ የጀመሩት ነገር ምን እንደሆነ ባይነግሩኝም፣ እስር ቤት የሚያስገባ እንዳይሆን እለምንዎታለሁ።

የኔነሽ


ኮልፌ፣ መጋቢት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተቆጪዋ ነርስ፤

ቫዝሊኑ ጠቅሞኛል። አዎ፣ ከንፈሩ የእኔ ነው። ዋጋነሽ የለችበትም፤ ሰሞኑን ግን እየተቃረበች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባትሽ ጥሩምባ በእድሩ ዕቃ ቤት ከድስቶቹ ጋር ተጥሎ ነበር። «የተሰነጠቀ ቦታ አለው፤ ልበይደው» ብዬ ወሰድኩት። ከዚያ በየንጋቱ በአባትሽ መስኮት ሥር እየቆምኩ መንፋት ጀመርኩ። ሰው የገዛ ሥራው ሲበላሽ እያየ ተኝቶ አይቀርም ብዬ ነው። የእኔን ፕሪሙስ ሌላ ሰው ሲነካካው ባይ ከመቃብርም ቢሆን እነሣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የወጣው ድምፅ የጥሩምባ አልነበረም። ዋጋነሽ ፕሪሙስ የፈነዳ መስሏት በሌሊት ልብሷ ውሃ ይዛ ወጣች። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየቤቱ ተሰበሰበ። ጉዲቱ ቀድማ ደረሰች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«እየተለማመድኩ ነው።»

«ለማን?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩበትም ነበር። ጥሩምባውን ሳገላብጥ ሁሉም ዞረው ሽማግሌውን ነገሬን አዩት። ሳል የያዘው እሱ ነበርና። ነገሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቴ ፊት ለፊት ሲያልፍ ሳሉን ውጦ ደረቱን ነፍቶ ነው፤ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን አትጠብቅ» ብሎኛል። እድሩም ቀጣኝ። ሕዝብ በከንቱ ማስደንገጥ የሚል አንቀጽ ስላልነበራቸው በእኔ ምክንያት አዲስ አወጡ።

አሁን ዋናውን ስሚ። አንድ ንጋት ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ ከመስኮቱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ከጉንጭህ አይደለም።»

«ምን አልክ?»

«ከጉንጭህ አትንፋ። ከሆድ ነው።»

ከጥቅምት ወዲህ አባትሽ ሳይጠየቅ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። እኔ በደስታ በማግሥቱ ይበልጥ አበላሸሁት። ሆን ብዬ ነው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከዚያ በላይ አልችልም። ጆንያም እንዳልሽው አስቀምጬለት ነበር። አንዱን ሰፍቶታል። ማታ ማንም ሳያየው ነው የሰፋው፤ እኛም አላየንም አልን።

ከዚያ አንድ ስሕተት ሠራሁ። የሰፈራችን እትዬ ዘመነች ማረፋቸውን ሳትሰሚ አትቀሪም። በዚያ ጠዋት የሀብተማርያም መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ እየለፈፈ ወጣ። የኮልፌ ልጆች ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና የሚያውቁት ሲኒማ ሲያስተዋውቅ ብቻ ነው። እየጨፈሩ ተከተሉት። እናቶችም «ለሲኒማ የሚሆን ገንዘብ የለንም» እያሉ በር ዘጉ። መኪና በማይገባባቸው መንደሮች ደግሞ ጩኸቱ እንጂ ቃሉ አልደረሰም። ቀብሩ ላይ ከሰው የብረት ወንበሩ በዛ።

ይህን ስሰማ ሮጬ ሄጄ ለአባትሽ ነገርኩት። በቁጣ ይነሣል ብዬ ነው። አልተቆጣም። «ዘመነች ጥሩ ሰው ነበረች» አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉንጭም ስለ ሆድም አልተናገረም። ጆንያውም እንዳለ ነው። ሐኪም ጋ ልውሰድህ ብለው «ለቀብሬ የቆጠብከውን ለሐኪም አትስጥ» አለኝ።

ስለዚህ ግርጌው ዛሬም ባዶ ነው። ተኝቶ ሳለ አሻራውን ሰርቄ ላትምልሽ አስቤ ነበር። ጣቱን ቀለም ውስጥ ስነክረው ነቃ።

ገረሱ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለጋሼ ገረሱ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ትንሣኤ አለፈ። ሲስተርን ተሰናበትኩ። «ትቆጫለሽ» አለችኝ፤ እኔም እንደምቆጭ ነገርኳት። ነጭ ልብሴን አጥቤ መለስኩ። ስሜ ከመዝገብ የሚሰረዘው የምነሣ ዕለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ በአውቶቡስ እነሣለሁ።

ለአባባ አይንገሯቸው። ትምህርት ተዘግቶ ነው እላለሁ። መዋሸት ከማን እንደተማርኩ ያውቃሉ።

የኔነሽ


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

የኔነሽ፣

አትሳፈሪ። ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌር ፕሪሙሱን በነፃ የጠገንኩለት ሰው ነው። ካንቺ እጅ ሳያደርስ ቢቀር በሚቀጥለው ጊዜ ሻዩን በማገዶ ያፈላል። ነጩን ልብስሽን ተመልሰሽ ተቀበያቸው። አሁኑኑ ሂጂ፤ ቀሪውን በመንገድ ላይ አንብቢው።

ከትናንት በስቲያ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ በመስኮቱ ሥር፣ ራሴ ላይ ጆንያ ደፍቼ ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ሀብተማርያም ነው። ጥሩምባውን ይዤ አየኝ፤ ግን አጠገቤ አልፎ ገባ። ይህ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል።

አልጋው ጫፍ ላይ ቆመና «ቀጄላ» አለ። አቶ የለ፣ ምን የለ።

አባትሽ ጋቢውን ወደ ጆሮው ሳበ።

«ቀጄላ፣ እማዬ ሞተችብኝ።»

አባትሽ ጋቢውን ከጆሮው ላይ ገለጥ አደረገ።

«መኪናው ወፍጮው በር ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ባይገባም አላወጣውም ነበር። ልጆች ይጨፍሩባታል። ንፋልኝ።»

አባትሽ ለግድግዳው «ገረሱ ይንፋልህ» አለ።

ሀብተማርያም ዞሮ አየኝ። እኔም ለእናቱ ክብር ብዬ፣ ከጉንጬ ሳይሆን ከሆዴ፣ ያለኝን ሁሉ ነፋሁ። ከልቤ ነው የነፋሁት፤ ያን ቀን ተንኮል አልነበረኝም። ውጭ የነገሬ ውሻ አለቀሰች። የሀብተማርያም እንባ በድንጋጤ ቆመ።

አባትሽ ቀስ ብሎ ተነሥቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«ሀብቴ፣» አለ፣ «እናትህ ከተማ የገባን ጊዜ ከአንድ ትሪ አብልተውናል። በዚህ ድምፅማ አይሸኙም። ገረሱ፣ ሱሪዬን አምጣ።»

ሱሪው አልቆም አለ፤ ከስቷል። ሀብተማርያም ተንበርክኮ ሲፈልግ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ አገኘ፤ በእሱ አሰርንለት። ጫማውን እኔ አደረግሁለት። ጥሩምባውን ከእጄ ሲወስድ አፉን በጋቢው ደጋግሞ ጠረገው፤ «ምን ቀብተህበታል?» አለኝ። ቫዝሊን አልኩት። ወጣ።

እስከ ቀራንዮ ድረስ መኪና የማያውቃቸውን ጉራንጉሮች ሁሉ ዞረ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላው ሄድኩ። በየመሃሉ እየቆመ ግድግዳ ይደገፍ ነበር። በሩን የዘጋ ሰው አልነበረም። መድኃኔ ዓለም ግቢ ከሞላ በኋላ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው ያስቀበረው።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሀብተማርያም እንደ ልማዱ ሊናገር ብድግ አለ። አባትሽ በእጁ አስቀመጠው።

«መዋጮዬን አትክፈልልኝ። ትንፋሼን መልስልኝ፣ ይበቃኛል» አለው።

ያ ማጨብጨብ የሚወድ እድር ያን ጊዜ አላጨበጨበም። ሀብተማርያም «እሺ» አለ። ከዚያ እጁን አውጥቶ፣ መዋጮ ለከበዳቸው ለሌሎቹስ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። በዚህ ላይ እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው፤ እንደማየው እስከ ክረምት እንቀጥላለን።

ዳነ ብዬ አልዋሽሽም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ። ገንፎውን ግማሽ በላ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተነሥቶ ሁለት ጆንያ ሰፋና ተመልሶ ጋደም አለ። ከሰኞ በኋላ ሐኪም ጋ አብሬው እሄዳለሁ፤ እሺ ያለኝ፣ ሀብተማርያም በመኪናው እንዳያደርሰን በሚል ውል ነው። በእግራችን እንሄዳለን። ስንት ቀን እንደሚነሣ፣ ስንት ቀን እንደሚተኛ እኔ አላውቅም። ያንን አንቺ ተምረሽ መጥተሽ ትነግሪናለሽ።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አነበብኩለት። አትቆጪኝ፤ የእኔንም አነበብኩለት። ጉንፋን የያዘው አውራ ጣት ላይ ስንደርስ «አንተ ሰው አይደለህም» አለኝ። አፉን ግን በጋቢው ሸፍኖ ነበር፤ ምን እያደረገ እንደነበር አላየሁም ልልሽ አልችልም።

ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ማንበብ ባይችልም አጠገቤ ተቀምጦ እጄን እየጠበቀ ነው።

ገረሱ

ልጄ የኔነሽ፤ ገረሱ ከሚጽፈው ግማሹን ብቻ እመኚ። ጥሩምባውን ወስጄበታለሁ። ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ። አሁን የምተኛው ወደ በሩ ዞሬ ነው። ብርድ እንዳይመታሽ።

(የቀጄላ አውራ ጣት)